የሞተው ሰውዬ ባና

የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ የትም ብሆን ያቆመኛል። ባለፈው ወር ኮሌጃችን ኮሪደር ላይ ያቆመኝም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ወርዶ ተማሪው ሁሉ ከግቢው ወደ ውስጥ ሲጋፋ፣ ከሽቶውና ከላስቲክ ጃኬቱ መሃል ያ ሽታ መጣ። ጭስ የጠገበ፣ ዝናብ የነካው፣ የደጋ ቤት ሽታ ነው። ደብተሬን ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ግን ሃምሳ ሰባት ነው። ልጆቼን ድሬ ሳበቃ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ገባሁ። ከፊት ወንበር የምቀመጠው፣ መምህሩ ያሉትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር የምጽፈው፣ የቤት ሥራ ከቀኑ ቀድሜ የማስረክበው እኔ ነኝ። ልጆቹ «እትዬ የሺ» ይሉኛል። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ደብተሬን ለመዋስ ሲሉ «እናታችን» ይሉኛል። ሰው ደስ እንዲለው መፈለግ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ምን እንዳሠራኝ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሽታው የመጣው ሐዋ ከምትባል ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። ሐዋ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ከሰንበቴ የመጣች፣ የደጋውን ብርድ ገና ያልለመደች። ዝናቡን የሸሸችው ቡናማ ባና ተከናንባ ነው። እንደምታውቁት ባና የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምኑታል። በአሁኑ ጊዜ ወጣት ልጅ ለብሶት ማየት ብርቅ ስለሆነብኝ ጠጋ ብዬ ጫፉን አየሁት። በሁለት ጥቁር መስመሮች መካከል አንድ ነጭ መስመር አለበት። ሌላውን ጫፍ ገለጥኩ፤ ምንም የለበትም።

አባቴ የሚሠሩት ባና ሁሉ እንዲህ ነበር። ሌላው ሸማኔ ወይ ሁለቱንም ጫፍ ያስጌጣል፣ ወይ ሁለቱንም ይተዋል። አባቴ ግን በአንድ ጫፍ ብቻ ነው መስመር የሚያወጡት። ለምን ሲባሉ «ሰው በእግሩ ያደረገውን ማታ ፊቱ ላይ እንዳያለብስ፣ ራስጌውን እንዲያውቀው» ይሉ ነበር። እንደዚህ የሚያስብ ሌላ ሸማኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ልጄ፣ ይሄን ባና ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«የአያቴ ነው» አለች ሐዋ፣ ልቆጣት የመጣሁ መስሏት ባናውን ሰብሰብ እያደረገች። «ቤታችን ‹የሞተው ሰውዬ ባና› ነው የሚባለው። አንድ የመንዝ ሰውዬ ነበር አሉ፤ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ የገዛ ተዝካሩ ላይ የደረሰ። ሞቶ መነሣቱ ግን ተረት ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ የሺ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተረቱ አባቴ ነበሩ።

ዘመኑን በትክክል መናገር አልችልም፤ እኛ ዘመን የምንቆጥረው በመኸሩና በሠርጉ ነበር። ቤታችን ከሞላሌ ከተማ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። ሞላሌ አውቶቡስ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፤ የምትዞርበት ጥግ ላይ ደጃፏ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ከሬዲዮዋ የሚወጣው ዘፈን አቧራው እስኪበርድ ከአውቶቡሱ ጡሩምባ ጋር ሲታገል ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ጥሩ ባና ሃያ አምስት ብር ያወጣል። የእኔ ቀሚስ አቡጀዲ ነው፤ ጫማዬ ፀሐይ ሲነካው እግር የሚያቃጥል የላስቲክ ኮንጎ። አባቴ ካኪ ኮት ላይ በርኖስ ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲሄዱ ከሩቅ ይለያሉ። ዛሬ በዚያ ጥግ ሳልፍ ሰማያዊዋ ሻይ ቤት የሞባይል መጠገኛ ሆናለች፤ ከሞባይሉም ዘፈን ይወጣል፣ ግን አቧራው የለም፤ እዚያ ጋ ኮብልስቶን ተነጥፏል።

አባቴ ባናቸውን የሚሸጡት ቆላ ወርደው ሰንበቴ ገበያ ነበር። ሰንበቴ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ ከደጋ የወረድነውም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። እኛ ሰፈር ግን ስለ ቆላ የሚወራው ወባና ደራሽ ውሃ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አባቴን ሲሄዱ ባየቻቸው ቁጥር «ከማታውቀው ሰው ቤት እንዳትበላ» ሳትል አትሸኛቸውም። እሳቸውም «ካልበላሁማ መች አውቀዋለሁ» ብለው ይስቁባታል።

በክረምት አይወርዱም ነበር። ያን ዓመት ግን የታላቅ እህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ሐምሌ ላይ አራት ባና በአህያ ጭነው ወረዱ። በአምስተኛው ቀን አብረዋቸው የሄዱት ሁለት ሰዎች ያለ እሳቸው ተመለሱ። ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ መጣ፤ እነሱ ወጥተዋል፣ አባቴ አህያዋን ሲጎትቱ መሃል ላይ ቀርተዋል። አህያዋን ከነጭነቷ ታች ሞታ አገኟት። አባቴን ግን ፈልገው ዱላቸውን ብቻ አገኙ።

ሬሳ ስለሌለ፣ በእኛ አገር እንደሚደረገው ቤት ትተውት የሄዱት በርኖሳቸውና ዱላቸው ተዘርግቶ ተለቀሰ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በርኖሱን ሸትቼ ከፊቴ ላይ አላነሳም ስላልኩ በግድ ነው የወሰዱብኝ። ፍልሰታ ገባ፣ ተፈታ፣ አርባው ደረሰ። እናቴ ሦስት በግ አሳርዳ ዳስ አስጥላ ተዝካር አወጣች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርሶ፣ ካህናቱ ገብተው ተቀምጠው፣ ሰው መብላት ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው እትዬ አስካለ ናት። ጠላ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ማንቆርቆሪያውን በጣም ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፤ ከዚያ ራሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ምን ሆነች ብዬ ቀና ስል አባቴ በበቅሎ ላይ ሆነው በራችን ላይ ቆመዋል። ግራ እግራቸው በጨርቅና በእንጨት ታስሯል። የበቅሎዋን ልጓም አንድ የማላውቀው፣ ሽርጥ ያገለደመ ቀጭን ሰው ይዟል። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። አንዳንዱ በኋላ በኩል መውጣት ጀመረ። አባቴ ዳሱን አዩ፣ ካህናቱን አዩ፣ ከዚያ ቅርብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ» አልኳቸው።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና «እስቲ አማትብ» አሉ። አባቴ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ሥጋ መሆኑን ሲያረጋግጡ ትንፋሻቸው ወጣ። «እንግዲህ ፍትሐቱ አይመለስም፤ ይቀመጥልህ» አሉ። ያን ጊዜ ነው እናቴ የጮኸችው። ለለቅሶው እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም።

ቀስ በቀስ የተነገረን ይህ ነው። ከአባቴ ጋር የመጣው ሰው ጋሽ ሁሴን ይባላሉ፤ የሰንበቴ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ከወንዙ ታች ከብት ሊያግዱ ሲሉ አባቴን ዛፍ ሥር ተወትፈው አገኟቸው። እግራቸው ተሰብሯል። ተሸክመው ቤታቸው ወሰዱና አርባ ቀን ያህል አስታመሙ። አባቴ በሕይወት እንዳሉ መልእክት ልከው ነበር፤ የተላከው ሰው ግን ክረምቱ ጠንቶበት ደጋ ሳይወጣ ቀረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከጋሽ ሁሴን እግር ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም አፍረው የሚገቡበት ጠፋቸው።

ማዕድ ቀረበላቸው። ጋሽ ሁሴን እንጀራውን በደረቁ ቆረስ አድርገው ሥጋውን ሳይነኩ «ጠግቤያለሁ» አሉ። እንዳልጠገቡ ማንም ያያል፤ ገደሉን ሁለት ቀን በእግር የወጡ ሰው ናቸው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ዘመዳችን ግን ጠላው ሞቅ አድርጎት «ሰው ከመቃብር አውጥቶ ሲያበቃ በሥጋ ይኮራል እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ጥቂቶች ሳቁ። አባቴ አልሳቁም።

«እሱ ቤት እኔ ምን በላሁ መሰላችሁ?» አሉ። «ለእኔ ሲል ፍየል ይዞ ክርስቲያን አራጅ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄዷል። ፍልሰታ ገባ ስል ደግሞ ሚስቱ ዘይነባ ቅቤ ያልነካው ድስት ለየችልኝ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮዬን በሱ ሠራችልኝ። ይህ ሰው ከእኔ ቤት ጦሙን ይደር?»

እናቴ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በአንድ እጇ ከሞላሌ ገበያ የገዛቻትን፣ ገና እሳት ያላያትን አዲስ ድስት ይዛለች። ሁለቱንም ጋሽ ሁሴን ፊት አስቀምጣ «በጉን እኔ አመጣለሁ» አለች። ሁሉም ቄሱን ማየት ጀመረ። በተዝካር ቀን፣ በካህናት ፊት፣ በክርስቲያን ግቢ ሙስሊም ሲያርድ በእኛ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ቄሱ «ጥምጣሜ ላልቶብኛል፤ ላስተካክል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በጉ ታርዶ እስኪያልቅም ጥምጣማቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። ጋሽ ሁሴን በሉ። ሁለት ቀን አድረው ወረዱ።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። ሴቶቹ ድስቷን እናቴ እንድትሰብራት ጠበቁ። እናቴ ግን አጥባ፣ ገልብጣ፣ ከሌላው ዕቃ ለይታ ቆጥ ላይ ሰቀለቻት። «እንደገና ይመጣል። በምን ልቀቅልለት?» አለች። ምንጭ ላይ የሰፈር ልጃገረዶች በእኔ ቅል መጠጣት ተዉ። እትዬ አስካለም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አንድ ቀን እጄን ይዛ ለስላሳ በሆነ ድምፅ «የእናትሽ የማርያም ማኅበር ተራ ደርሷል። ያቺ ድስት ቤት ውስጥ እያለች ማኅበርተኛው አይቀምስላትም። እናትሽን ከኀፍረት አድኛት፤ አንቺ እኮ ጨዋ ልጅ ነሽ» አለችኝ።

ጨዋ ልጅ ነሽ ስትለኝ ደስ አለኝ። የሚያስደነግጠኝ እስከ ዛሬም ይህ ነው። እናቴ ወደ ገበያ በሄደችበት ቀን ድስቷን አውርጄ ደጃፉ ድንጋይ ላይ መታኋት። ስትመለስ ድመት ጣላት አልኳት። እናቴ ስብርባሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ትልቁን ገል አንሥታ «እሳት መጫሪያ ይሆናል» አለችና ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ማኅበሩ ተበላ፤ ምንጭ ላይም በቅሌ መጠጣት ጀመሩ። እኔም የሰፈሩ ጨዋ ልጅ ሆንኩ።

ጋሽ ሁሴን በዓመቱ አንድ ቅርጫት ሙሉ ሎሚ ይዘው መጡ። እንደ ወጉ እግራቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቴ በግ ይታረድ ስትል ምድጃው አጠገብ ያለውን ገል ሲያዩ አየሁ፤ ዓይናቸው እዚያ ቆየ። «ከደጋ የናፈቀኝ ሥጋ ሳይሆን የገብስ ቆሎ ነው» አሉ። ቆሎ በማር በልተው አደሩ። አባቴ የሠሩትን ሁሉ የሚበልጥ ባና ሰጧቸው፤ እሳቸው ወረዱ፣ ከዚያ በኋላ አልመጡም። የአባቴ እግር ገደል የሚያወርድ ሆኖ አልዳነም። ዘመኑም ተለዋወጠ፤ ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። እኔ አግብቼ ወደ ከተማ ሄድኩ። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ከቤታችን በር የሚቀመጡት ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው ነበር። ስለ ቆላ ክፉ የሚያወራ ሰው ሲመጣ «እኔ አንዴ ሞቼ አይቼዋለሁ» ብለው ያስቆሙታል። እኔም ባየኋቸው ቁጥር ያን እንግዳ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ እል ነበር። ለማንም ሳልናገር አርባ ዓመት አለፈኝ።

ለሐዋ ግን ነገርኳት፤ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው። ድስቷን የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ አያትሽ በእኔ ምክንያት ነው የቀሩት አልኳት። ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያቴ እኮ የቀሩት ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለወጣ ነው» አለች። «ገደል መውጣት አቃታቸው። ባናውንም ራስጌና ግርጌ በጣታቸው ነበር የሚለዩት። ስለ ድስቷ ያውቁ ነበር። እግሬን ያጠበችኝ ልጅ እንባ ከውሃው ይሞቅ ነበር ይሉ ነበር።»

እኔ ማልቀሴን እንኳ አላስታውስም። ይህን ሳብሰለስል ሐዋ ቀጥላ የነገረችኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«ደግሞ እናትዎ መጥተው ነበር እኮ።»

«የት?»

«እኛ ቤት። አያቴ ዓይናቸው ከታወረ በኋላ። ድስት በጀርባቸው አዝለው።»

እናቴ እኔን ልትጠይቅ ካልሆነ ከሞላሌ ገበያ ርቃ የሄደችበት ቀን አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የማውቀው። አውቶቡስ ላይ እንኳ ወጥታ አታውቅም። ሐዋ ከሴት አያቷ እየሰማች ያደገችውን ነገረችኝ። እናቴ ከገበያተኛ ጋር ገደሉን በእግሯ ወርዳ፣ ሰው እየጠየቀች ቤታቸው ደረሰች። አዲስ ድስት ነበር የተሸከመችው። «ለእናንተ የለየሁትን ልጄ ሰብራዋለች። ልጅ ናት፣ ሰው ፈርታ ነው፤ አትቀየሟት። ይህቺ እዚህ ትቀመጥ። አንድ ቀን ልጄ ስትመጣ በዚህች ቀቅሉላት» ብላ፣ አንድ ቀን አድራ ተመለሰች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከተማ ባለትዳር ሳለሁ እናቴ አንዴ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ እግሯ ቆስሎ መጥታ ነበር። ገዳም ጸበል ወርጄ ነው አለችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስድስት ሎሚ ሰጠችኝ። «ገዳሙ ሎሚ አለው እንዴ?» ስላት «አለው» አለች። ሎሚውን ለሰላጣ አደረግሁት። እናቴ ከሞተች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ድስቷን አንሥታብኝ አታውቅም።

«ድስቷስ?» አልኳት ሐዋን።

«አለች። ማንም አልተጠቀመባትም። ልጆች ሳለን ወደዚያ መደርደሪያ ከተጠጋን እንቆነጠጥ ነበር።» ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ በኦሮምኛ ጥቂት አወራችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ የሐዋ ሴት አያት ዘይነባ ነበሩ፤ ለአባቴ በፍልሰታ ድስት የለዩት።

«የሞተው ሰውዬ ልጅ ነሽ?» አሉኝ በጥሩ አማርኛ።

«ነኝ።»

«ደህና ነው?»

«አሁንስ በእውነት ሞቱ፣ እማማ። ብዙ ጊዜ ሆናቸው።»

«ነፍሱን ይማር። እናትሽም?»

«እሷም።»

ከዚያ መቼ ነው የምትመጪው አሉኝ። በሴሚስተሩ እረፍት ብዬ ሳላስበው መለስኩ። ሐዋ አጠገቤ ሆና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችልኝ። አሮጊቷ ሲያስሉ ይሰማኛል።

«ምን ልቀቅልልሽ?» አሉ። «ያን ጊዜ ጾም ነሽ ወይስ ፍስክ?»

በልቤ ቆጠርኩ፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ይሆናል። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው መስማት የሚወደውን ስመልስ ኖሬ፣ ላስቸግራቸው አይገባም ብዬ «ያገኙትን» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩትና «ጾም ነኝ» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ ዘይነባ። «ድስትሽም እንዳንቺው ጾም ላይ ናት፤ እናትሽ ካስቀመጠቻት ጀምሮ አልፈታችም።»